ደባል ማለት ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት ክኒን አወሳሰድ ስንጨዋወት፣ በሚቀጥለው ስለ እግር እብጠት እናወራለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌን ላጥፍ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። በመካከሉ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ፍለጋ ሳምንቱን ሙሉ ስባዝን ቆየሁ። ጥያቄዋ «እማማ፣ ደባል ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መታወቂያዬን ለማሳደስ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጅቷንም ይዣት ሄጃለሁ። ወረፋው ሲደርሰኝ ቅጽ የሚሞላው ወጣት «ማዘር ይቀመጡ» ብሎ ራሱ ወንበር አቀረበልኝ። ጨዋ ልጅ ነው። ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ የትውልድ ቦታዬን ጠይቆ ሲያበቃ፣

«ቤቱ የማን ነው?» አለኝ።

«የልጄ ነው።»

«በእርስዎ ስም አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ኪራይ ይከፍላሉ?»

«ለልጄ?» ብዬ ሳቅሁ።

እሱም ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ «እንግዲያው እዚህ ጋ ደባል እንበልዎት፤ ሌላ የሚስማማ ቦታ የለውም» አለና ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ ወረቀቱ ያቀረበለትን ቃል ነው የጻፈው።

ማታ እራት ላይ ልጅቷ ትልቅ ወሬ እንዳላት ሰው ቀና ብላ፣ «ዛሬ እማማን ደባል አሏት!» አለች። ልጄ እጇ ሞሰቡ ላይ ቀረ። አማቼ ነገሩን ለማለዘብ ብሎ፣ «ደባሎቹስ እኛ ነን እማማ፤ ቤቱማ የእርስዎ ነው» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቃሉ ለምን ቆረቆረኝ? እኔ የቋንቋ ሰው አይደለሁም፤ የነርስ ዲፕሎማ ያለኝ ጡረተኛ ነኝ። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ላለ ሰው የምንሰጠው ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ በዕድሜዬ አይቻለሁ።

አባቴ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛ የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ ነው፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ፣ ጭሱን የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። እንደ ውሉ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያስረክባል። አባቴ በዚያ መሬት ላይ ተወልዶ፣ አድጎና ወልዶ እንኳ ስሙ ጭሰኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ያን ቀን ያደረገውን አልረሳም፤ ደጅ ወጥቶ ቤቱን ዞረው፣ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው፣ ተመልሶም ገብቶ ምንም ሳይናገር ተቀመጠ። ቤቱ ያው የትናንቱ ጎጆ ነው። የተለወጠው የእሱ ስም ነበር።

በከተማም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የትናንቱ ባለቤት ባለ አንድ ቤት ሆነ፤ የግለሰብ ተከራይ የነበረውም የቀበሌ ተከራይ ተባለ። በኋላም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስላለ፣ ቤት የሠራ ሰው እንኳ መሬቱን በተመለከተ ባለይዞታ ይባላል እንጂ ባለቤት አይባልም። የያዘ፣ ያለበት ሰው ማለት ነው። ቃሉ ራሱ «ያዘ» ከሚለው ይወጣል።

ነዋሪ የሚለውን ደግሞ ግእዝ የሚያውቁ አንድ ጎረቤታችን ናቸው ያስረዱኝ። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው አሉኝ። መንበር ከዚያ ይወጣል፤ ወንበራችንም፣ «ኖረ» የሚለው ቃላችንም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። እንግዲህ ነዋሪ ማለት ከሥር ከመሠረቱ የተቀመጠ ሰው ነው። ነገሩን ሳብሰለስለው ደስ አለኝ። ቆሞ የሚጠብቅ፣ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ «ልነሣ ይሆን?» የሚል ሰው ገና ነዋሪ አልሆነም ማለት ነው።

ወደ ደባል እንመለስ። «ተደበለ» ስንል ሌላ ሰው በያዘው ቤት ገብቶ አብሮ ኖረ ማለታችን ነው። ዛሬ ቃሉ ሲጠራ የሚታየን የተጨናነቀ፣ የተጫነ፣ ቢሄድ የሚሻል ሰው ነው። እኔ ግን ደባልን በሌላ መልኩ ነው የማውቃት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባለቤቴ ጋር ጉለሌ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረን። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው ሁለት ልጆች ያሏትን አንዲት ሴት አንዱ ክፍል ውስጥ አስገቡብን። አኮረፍን። አንድ ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም፤ ማድ ቤቱንም በተራ ነበር የምንጠቀመው። ከዚያ እኔ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ የሌሊት ተረኛ አደረጉኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሥራው ክፍለ ሀገር ነበር። ሕፃኗን ይዤ ደጅ ላይ ቆሜ ሳለቅስ ያቺ ደባላችን ወጣችና፣ «አምጫት፤ ሁለት ያሳደገች ሦስተኛዋ አትከብዳትም» አለችኝ።

ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዋን የረገጠችው በደባላችን ክፍል ነው። ጠዋት ከሥራ ስመለስ አጥሚት ሞቆ ይጠብቀኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ የራሷን ቤት አግኝታ ስትለቅ ሁለታችንም እንደ እኅት ተላቀስን። ስታርፍም ልጄ ነጠላዋን እንደ ቅርብ ዘመድ ዘቅዝቃ ሐዘን ተቀመጠች። ስለዚህ ቃሉ በራሱ ስድብ አይደለም። ሰውን ሰው የሚያደርገው ወይም የሚያሳንሰው ቦታውን እንዴት እንደያዘና እንዴት እንደያዙት ነው።

ይህንን ትምህርት በሥራዬም አግኝቼዋለሁ። ተመርቄ በገባሁበት ዋርድ በሽተኞችን በአልጋ ቁጥር መጥራት ልማድ ነበር። «አልጋ 9 መርፌውን ተወግቷል? አልጋ 4 ደርቆበታል፣ ግሉኮስ ቀይሩለት» እንባባላለን። አንድ ቀን አንድ አዛውንት እጄን ያዙኝና በቀስታ፣ «ልጄ፣ አልጋው ደኅና ነው፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ፊቴ ቀላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ በሽተኛን በስም እንጂ በቁጥር ጠርቼ አላውቅም።

እስቲ ልብ በሉ፤ በእኛ ቋንቋ «አልጋ ያዘ» ስንል ሰውየው ጠንቶበታል ማለታችን ነው። ነርሶች ደግሞ «አልጋ ተይዟል፣ አልጋ ተለቀቀ» እንላለን፤ የተለቀቀው በሽተኛው ድኖ ይሁን አርፎ ቃሉ አይነግራችሁም።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጋችሁ። ባለቤቴ ካረፈና ጉልበቴ ካስቸገረኝ በኋላ፣ የጉለሌው ቤት ለትንሹ ልጄና ለሚስቱ ቀርቶ እኔ ወደ ትልቋ ልጄ ኮንዶሚኒየም መጣሁ። ሁለት መኝታ ክፍል ነው። በአንዱ እነሱ ይተኛሉ። በሌላው ሁለቱ ልጆቻቸው ነበሩ፤ እኔ ስመጣ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ አልጋውን ለቆልኝ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለበት። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ በሳሎኑ በኩል ነው።

ሌሊት ስነሣ ልጁ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። «ቦታውን ይዤበት እንቅልፉንም ልንሣው?» አልኩ። ስለዚህ ማንም ሳይነግረኝ ከቀትር በኋላ ውኃ መጠጣት አቆምኩ። ሻይ ሲቀርብልኝም «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» እላለሁ። እንዲህ ስል ከረምኩ። ከአንድ ወር በፊት ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ምድር ዞረብኝ፤ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ባልቀመጥ ኖሮ ወድቄ ነበር። አፌ ደርቋል፣ ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቁሯል። ሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ ቢመጣልኝ ገና በር ላይ ሳየው «እርስዎ ውኃ አይጠጡም» እለው ነበር። ለራሴ ግን አላልኩም። ለልጄም አልነገርኳት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህንን የምጽፈው እንደኔ ያለ ብዙ አባትና እናት በየቤቱ እንዳለ ስለማውቅ ነው። በልጁ ቤት እንደ ደባል የሚሰማው ሽማግሌ አይጮህም፣ አይጣላም። ጥያቄ ይቀንሳል እንጂ። ውኃ ይቀንሳል፤ ምግብ «በቃኝ» ይላል፤ ክኒኑ ሲያልቅ «ሰሞኑን ብዙ ወጪ አለባቸው» ብሎ ዝም ይላል። ሌሊት መብራት ላለማብራት በጨለማ ዳብሶ ይሄዳል፤ የዳሌ አጥንት የሚሰበረውም እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። በዕድሜ ስንገፋ የውኃ ጥም ስሜታችን ይደክማል፤ ስለዚህ «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ማለት አያዋጣም። ውኃ ያነሰው ሽማግሌ ሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይቀናዋል፣ ሲነሣ ይዞርበታል፤ ሲብስም ይቃዣል፣ ቀኑንና ሰውን ያምታታል።

ይህንን አስምሩበት። ትናንት ደኅና የነበረ ሽማግሌ ዛሬ ድንገት ከዘበራረቀ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትተዉት። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። የውኃ እጥረት፣ ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም መጨመር፣ የመድኃኒት መምታታት ወይም የአንጎል ደም ሥር ችግር ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ፊቱ ከጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተሳሰረ ደግሞ ደቂቃም አትጠብቁ።

ልጆች ለሆናችሁ፣ ወላጅን አምጥቶ ማኖር ትልቅ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ነገር ግን ማኖርና ማስቀመጥ ይለያያሉ። ለእናታችሁ የራሷ የሆነ ነገር ስጧት፤ ክፍል ባይኖር አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ማንም የማይነካው አንድ ወንበር። ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃው ድረስ የሚያሳይ ትንሽ የሌሊት አምፖል ሰኩ፤ መንገዱ ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍና ገመድ አንሡ። በገባችሁ በወጣችሁ ቁጥር «ውኃ ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ «አልፈልግም» ማለቷ አይቀርምና። ዝም ብላችሁ አጠገቧ አኑሩላት። (የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባት ሐኪም ፈሳሽ የመጠነላት ከሆነ ግን ሐኪሙ ያለውን ተከተሉ።) እንግዳ ሲመጣም «ከእኛ ጋር ናት» ከማለት «እናታችን ናት፣ እዚህ ነው የምትኖረው» በሉ። ልዩነቱ ለእናንተ ትንሽ ነው።

ወላጆች ለሆንነው ደግሞ፣ ዝምታችን ጨዋነት ይመስለናል። እኔም መስሎኝ ነበር። ዝም ብሎ መሰቃየት ግን ልጆቻችንን ማክበር አይደለም፤ ነገ ወድቀን ስንሰበር የሚሸከሙን እነሱ ናቸው። ያስቸገረንን እንናገር። በቤቱ ውስጥም የምንችለውን ሥራ እንያዝ፤ ሽንኩርት መላጥ ይሁን፣ የልጅ ደብተር ማየት ይሁን፣ ተረት ማውራት ይሁን። ሥራ ያለው ሰው ቦታው የት እንደሆነ አይጠፋውም።

አሁን ለልጅ ልጄ የሰጠኋትን መልስ ልንገራችሁ። እሑድ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ ያንን የጉለሌ ደባላችንን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ልጄም ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ስታዳምጥ ቆይታ፣

«ቁልፍ ነበራት?» አለችኝ።

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቱ፤ ያቺ ደባላችሁ።»

«እንዴታ! እኔ ሌሊት እሠራ አልነበር? የኔንም ክፍል ቁልፍ ሰጥቻት ነበር።»

«አንቺስ አለሽ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቷን ነው፤ የለኝም። ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእድር ስመለስ ሰው ከሌለ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ማንም ከልክሎኝ አይደለም። እነሱም አላሰቡትም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ልጄ፣ «እማዬ፣ ደረጃ ላይ?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

እኔም በዚያው አፌ ተከፈተና ስለ ውኃውም፣ ስለ ዞረብኝም፣ ስለ ልጁ እንቅልፍም ተናገርኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ስትነሺ ሰምቼሽ አላውቅም። ደግሞ ሳሎኑን የመረጥኩት ቴሌቪዥኑ ስላለ ነው» አለ። አባቱ «ለካ!» ብሎ ጆሮውን ቆነጠጠው። እንግዲህ እኔ ለአንድ ዓመት ስጠማ የኖርኩት በእንቅልፉ ለማይነቃ ልጅ ነበር።

ማክሰኞ ማታ አማቼ ከሥራ ሲመለስ አዲስ የተቀረጸ ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ። ትንሿ ልጅ ቀይ ክር አሰረችበት። የሌሊት አምፖልም ተገዝቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል።

ቅጹን ለማስለወጥ ልሂድ ወይስ ልተወው ብዬ አሰብኩ። ትቼዋለሁ። መታወቂያው እስኪታደስ ድረስ በወረቀት ላይ ደባል ነኝ፤ ምንም አይደለም። ደባላችን የነበረችውን ሴት ሳስታውስ ስሙ አያሳፍረኝም። ደግሞ ቁልፍ አለኝ።

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ እግር እብጠት እንነጋገራለን፤ አሁንስ ቃሌን አላጥፍም። እስከዚያው ግን ይህንን ጋዜጣ አጥፋችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ እቤት ውስጥ እናት ወይም አባት ካላችሁ ሄዳችሁ ቁልፍ እንዳላቸው እዩ። አንድ ብርጭቆ ውኃም ይዛችሁ ሂዱ። ሰላም ሰንብቱ።